ከግንቡ ወጥቶ መኖር፦ ሐረርና ገጠሯ

ሰው ከተማ ለቆ ወደ ገጠር የሚሄደው ለምንድን ነው? ከሄደስ በኋላ ምን ያቆየዋል? ጥያቄው በሐረር ታሪክ ሲመረመር ስለ ንጹሕ አየርና ስለ ጸጥታ የሚባለው ሁሉ ሁለተኛ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ዋናው መሬት ነው።

ሐረሪዎች ራሳቸውን «ጌይ ኡሱእ»፣ ቋንቋቸውን «ጌይ ሲናን» ይላሉ፤ የከተማ ሰው፣ የከተማ ቋንቋ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ከተሜ ሕዝብ ገበሬም ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ካሠሩት ከጁገል ግንብ ውጭ የቡናና የጫት ማሳ ነበረው። ጠዋት ከአምስቱ በሮች በአንዱ ይወጣል፤ በሮቹ ማታ ከመዘጋታቸው በፊት ይመለሳል። መስጊዱም፣ ዘመዱም፣ አፎቻውም ያሉት በግንቡ ውስጥ ነውና ማሳው ሀብቱ እንጂ መኖሪያው አልሆነም።

ሁለተኛው አወጣጥ ከዚህ ይለያል። በ1879 ዓ.ም. አሚር አብዱላሂ ጨለንቆ ላይ ድል ከተመቱ በኋላ የምኒልክ ጦር ሐረር ገባ። የወታደሩ ደመወዝ ገባርና መሬት ስለ ነበር ብዙው ወደ ገጠሩ ዘለቀ። እዚያ ያቆየው የኦሮሞው ገበሬ ጉልበት ነው።

ሦስተኛው በምርጫ የተደረገ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው በሐረር ከራስ መኰንን ዘንድ ያደጉ፣ በሩሲያ የተማሩ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የደረሱ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ከጠላት ወረራ በኋላ ከቆዩበት ስደት ሲመለሱ ግን ሹመት ከመፈለግ ይልቅ በጨርጨር፣ በሂርና እርሻቸው መኖርን መረጡ። ምርጫው የሚያስከብራቸው ነው፤ ሆኖም ለመምረጥ አስቀድሞ ርስት ያስፈልጋል።

የየካቲት 1967ቱ አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ሦስቱም አኗኗሮች መሠረታቸው ተናጋ። ብዙ ሐረሪዎች ከግንቡ ውጭ ያለ ማሳቸውን አጡ፤ የባለርስቱና የመልከኛው ወራሽም እንዲሁ። በቦታው የቀረው ቀድሞም ሲያርስ የነበረው ገበሬ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት አለ። ወደ ገጠር የወጣው ሰው ታሪኩን ጽፎ ወይም አስጽፎ ትቷል፤ ከገጠር ያልወጣው ግን በአማርኛ መጻሕፍታችን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ስም የለውም። ስለዚህ የባለሥልጣናቱን የሕይወት ታሪክ ስናነብ በኦሮምኛና በሐረሪ ቋንቋ የሚነገረውን ቃላዊ ታሪክ ጎን ለጎን ማጥናት ይገባናል። ያለበለዚያ ስለ ሄደው እንጂ ስለ ቆየው ምንም አናውቅም።