ከጠገራ ብር እስከ እርሳስ ሐብል

ቅድመ አያቶቻችን ለሠርጋቸው ያደረጉት አምባርና አልቦ ብዙው የተሠራው ከጠገራ ብር ነው። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሳሉ ገበያው የሚገበያየው እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት በተቀረጸበት በዚሁ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ሲሆን ከመቶው 83 እጅ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። አንጥረኛው ጠገራውን አቅልጦ ጌጥ ያወጣለታል፤ ሲቸግር ጌጡ በሚዛን ይሸጣል። ለዚህ ነው ምን እንዳለበት ባለቤቱ የሚያውቀው።

ዛሬ መገናኛ መንገድ ዳር የሚሸጠው አብረቅራቂ ሐብል ግን ከምን እንደተሠራ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ብር ለመቅለጥ 961 ዲግሪ ሲፈልግ እርሳስ በ327፣ ካድሚየም በ321 ይቀልጣል፤ ለርካሽ ሥራ ይመቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ የ4 ዓመት ልጅ የአምባር ማንጠልጠያ ውጦ ሞተ። ሲመረመር 99 ከመቶው እርሳስ ነበር። ካድሚየም ደግሞ ኩላሊትንና አጥንትን ይጎዳል።

አዋቂ በአንገቱ ስላደረገው ብቻ አይደነግጥ፤ ከባዱ አደጋ ልጅ ሲጠባው ወይም ሲውጠው ነው። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቀለበት የብር ነበርና እኛም «ብር ነው» ሲሉን ቶሎ እናምናለን፤ በዓይን ግን አይለይም። ለሕፃን ከሆነ፣ ወይ ከታወቀ አንጥረኛ ግዙ ወይ ተዉት።