ከጤና ጣቢያ እስከ ጠፈር ጣቢያ፦ የጎንደር የጤና ቡድን ታሪክና የአብሮነት ትምህርቱ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መግቢያ

ኖቬምበር 2 ቀን 2000 ሦስት ሰዎች ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከገቡ ወዲህ ጣቢያው ያለ ነዋሪ አድሮ አያውቅም። ከተለያዩ አገሮች የመጡ ጥቂት ሰዎች በጠባብ ክፍሎች ውስጥ ለወራት አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይመገባሉ፣ ሲታመሙም እርስ በርሳቸው ይተዛዘናሉ። ጣቢያው ከምድር ወለል የሚርቀው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጎንደር ግን ከአዲስ አበባ በየብስ መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ከወገን መራቅ በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ አለመሆኑን ነው። ሰው የርቀት ስሜት የሚያድርበት አብሮት የሚቆም፣ የሚያውቀውና የሚጠይቀው ወገን ሲያጣ ነው።

ጥቂት ሰዎችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ሩቅ ቦታ የመላክና በዚያም እንደ አንድ አካል የማሠራት ሐሳብ ለኢትዮጵያ የጤና ሙያ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው ሰው ሰራሽ ሳተላይት በ1957 ወደ ሕዋ ከመምጠቁ ሦስት ዓመት አስቀድሞ ይኸው ሐሳብ በጎንደር ከተማ ሥራ ላይ ውሎ ነበር።

የደምቢያው ወረርሽኝና የኮሌጁ መመሥረት

በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በሚገኘው የደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰዎችን እንደፈጀ ይነገራል። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች በቁጥር እጅግ ጥቂት ከመሆናቸውም በላይ የሚገኙት በአመዛኙ በዋና ዋና ከተሞች ነበር። የገጠሩን ሕዝብ በሐኪም ብቻ ለመድረስ ቢታሰብ ብዙ አሥርት ዓመታት መጠበቅን ይጠይቅ ነበር።

በዚህም ምክንያት የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና ከአሜሪካ መንግሥት የቴክኒክ ዕርዳታ ጋር በመተባበር በ1954 የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅና የሥልጠና ማዕከልን አቋቋመ። ኮሌጁ በዋናነት ያሠለጥናቸው የነበሩት የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ሲሆን ሦስቱ ሙያዎች የታሰቡት እንደ አንድ ቡድን ነበር።

የሥራ ክፍፍሉ ምክንያት በወባ ምሳሌነት በግልጽ ይታያል። የጤና መኮንኑ ታማሚውን መርምሮ መድኃኒት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ታማሚው ድኖ የሚመለሰው ትንኝ ወደምትራባበት ወደዚያው ረግረግ ዳር ነው። ሳኒታሪያኑ ረግረጉን ካላስጠረገ፣ ነርሷም ቤት ለቤት እየዞረች ነፍሰ ጡሯንና ሕፃኑን ካላየች፣ የመኮንኑ ድካም ለጥቂት ሳምንታት ያህል ብቻ ይሆናል። አንዱ ያለ ሌላው ሥራው ፍጻሜ አያገኝም። በ1958 በአገሪቱ ሰፊ ክፍል የተዛመተውና 150,000 ያህል ሰዎችን እንደገደለ የተገመተው የወባ ወረርሽኝም የዚህን አሠራር አስፈላጊነት በመራራ መንገድ አረጋግጧል።

አብሮ መማር፣ አብሮ መሰማራት

የጎንደሩ ሥልጠና ልዩ ገጽታ ተማሪዎቹ ከክፍል ትምህርት ባሻገር እንደ ቆላ ድባ ባሉ የሥልጠና ጤና ጣቢያዎች በቡድን ተሰማርተው መለማመዳቸው ነበር። የነገው የጤና ጣቢያ ኃላፊ የነገዋን ነርስ ሥራ በቅርብ ያያል፤ ነርሷም ሳኒታሪያኑ ምንጭ ለማጎልበት የሚያደርገውን ጥረት ትረዳለች። ኮሌጁ በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። በ1978 ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሕክምና ትምህርት ጀመረ፤ በ2004ም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በእነዚህ ሁሉ ለውጦች መካከል የቡድን ሥልጠናው መንፈስ አልጠፋም። ተመራቂ ተማሪዎች ከተለያዩ የጤና ሙያዎች ተውጣጥተው በወረዳ ጤና ጣቢያዎች ለሳምንታት አብረው እየኖሩ የሚሠሩበት፣ «ቲቲፒ» በሚል አጠራር የሚታወቀው መርሐ ግብር የዚያ ውርስ ነው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም የሰመረ ነበር ማለት አይደለም። ብዙ የጤና መኮንኖች ከጥቂት ዓመታት የገጠር አገልግሎት በኋላ ሐኪም ለመሆን ወይም ወደ ከተማ ለመዛወር መፈለጋቸው በጊዜው ያሳስብ የነበረ ጉዳይ ነው። አብሮ መሠልጠን ሰውን ወደ ሩቅ ቦታ ለማድረስ በቅቷል፤ እዚያ ለማቆየት ግን ሌላም ነገር ያስፈልግ ነበር።

ከጠፈር የተገኘ ማስረጃ

ያ «ሌላ ነገር» ምን እንደሆነ ለመመርመር በጠፈር ጉዞ የተገኘው ልምድ ይረዳል። ከ1994 እስከ 1995 በሚር የጠፈር ጣቢያ 437 ቀናት የቆየው ቫሌሪ ፖልያኮቭ ራሱ ሐኪም ነበር። በእርሱ ላይ የተደረገው ክትትል እንዳመለከተው ስሜቱና የሥራ ብቃቱ የተዛባው በዋናነት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታትና ወደ ምድር ከተመለሰ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ነው። በመካከሉ በነበረው ረጅም ጊዜ ግን ሁኔታው የተረጋጋ ነበር። ስለዚህ ጥንቃቄ የሚሻው የቆይታው ርዝመት ብቻ ሳይሆን መግቢያውና መውጫው ጭምር ነው።

ከ2010 እስከ 2011 ደግሞ በሞስኮ ከተማ ስድስት ሰዎች ወደ ማርስ የሚደረግን ጉዞ በሚመስል ዝግ ክፍል ውስጥ ለ520 ቀናት ኖረዋል። የጥናቱ ውጤት ለጤና ባለሙያ ትኩረት የሚስብ ነው። ነዋሪዎቹ ከውጭ ሆኖ ከሚመራቸው የቁጥጥር ማዕከል ጋር የተፈጠሩ አለመግባባቶችን የዘገቡት፣ እርስ በርስ ከተፈጠሩት አምስት እጥፍ በሚበልጥ መጠን ነበር። ከአለመግባባቶቹም አብዛኞቹን የዘገቡት ከፍተኛ ውጥረትና ድካም የተሰማቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ።

የሰርጌይ ክሪካልዮቭ ታሪክም ሊታለፍ አይገባም። በሜይ 1991 ወደ ሚር ሲጓዝ የሶቪየት ኅብረት ዜጋ ነበር፤ በማርች 1992 ሲመለስ ግን የላከው አገር ፈርሶ ጠበቀው። በዚያው በሜይ ወር 1991 የኢትዮጵያ መንግሥትም ተለውጧል። በሁለቱም አገሮች የላካቸው መንግሥት ከሥልጣን ሲወርድ በሥራ ቦታቸው ላይ የነበሩ ባለሙያዎች ነበሩ። የላከ አካል ሲለወጥ ባለሙያውን በቦታው የሚያጸናው ከሥራው፣ ከባልደረባውና ከሚያገለግለው ሕዝብ ጋር ያለው ትስስር ነው።

ከአጥሩ ወዲያ

በጠፈር ጣቢያና በጤና ጣቢያ መካከል አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። ከጠፈር ጣቢያው ግድግዳ ውጭ ሕይወት የለም። ከጤና ጣቢያው አጥር ወዲያ ግን እድር፣ ማኅበርና ሰንበቴ ያለው፣ ሐዘንተኛን የሚያስተዛዝን፣ በደቦ አጭዶ በአንድ መሶብ የሚበላ ሕዝብ አለ። በዳባትና በደባርቅ ደጋማ አካባቢዎች የሚመደብ ባለሙያ ብርዱና የመንገዱ አስቸጋሪነት ሊፈትኑት ይችላሉ። ሆኖም በእድር የተመዘገበ፣ ለቅሶ የደረሰና በክርስትና የተጠራ ሰው እንግዳነቱ ይቀራል። የጎንደር ቡድን ከጠፈረተኞች ይልቅ የታደለው በዚህ ነው፤ ይህን ዕድል ያልተጠቀመበት ባለሙያ ግን አጥሩን ራሱ እንደ መርከብ ግድግዳ ያደርገዋል።

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለዚሁ ችግር ሌላ መፍትሔ አቅርቧል። በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ ሲደረግ፣ በገጠር የተመረጡት ከዚያው ማኅበረሰብ የወጡ ሴቶች ነበሩ። በዚህ መንገድ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ተሰማርተዋል። የጎንደር ኮሌጅ እንግዳውን ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር አስተሳስሮ ላከ፤ የኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ደግሞ ባለሙያዋን ከሕዝቡ መካከል መረጠ። ይሁንና ከሁለት የማትበልጥ ቡድን አንዷ ስትታመም ወይም ስትለቅ ሌላዋ ብቻዋን ትቀራለች። በመሆኑም የአገሬው ልጅነት የባልደረባን ድጋፍ አይተካም።

ማጠቃለያ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ የጎንደር መሥራቾች የተነሡት የገጠሩ ሕዝብ የጤና ችግር ለአንድ ባለሙያ የማይቻል ሸክም መሆኑን በመገንዘብ ነው። ከዚህ ታሪክ ለዛሬው የጤና አመራርና ባለሙያ የሚተላለፉ ትምህርቶች አሉ። አዲስ ተመዳቢ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚቀበለውና ቤት እስኪያገኝ የሚያስጠጋው ሊኖር ይገባል። አብረው የሚሠሩ አብረው ቢሠለጥኑ ይመረጣል። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ከመጠየቁ አስቀድሞ የባለሙያውን ደኅንነት ቢጠይቅ፣ በሩቅ ሆኖ በሚመራና በቦታው በሚሠራ መካከል የሚነሣው ቅሬታ ይቀንሳል።

በ2021 ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ሲደርስ እንደታየው፣ በዚህ ደጋ የሚያገለግል ባለሙያ ሊገጥመው የሚችለው ፈተና ከብርድና ከመንገድ የከበደ ነው። ብቻውን የቀረ ሰው ጣቢያውን ቢለቅ አይፈረድበትም። ባለሙያው ሲለቅ ግን በሩ ተዘግቶ የምትመለሰው፣ ሌሊቱን በቃሬዛ ተጉዛ የደረሰች ወላድ ናት።