የካምፐኑ ዲዳ

ወጣቶች ሆይ፣ «ክረምት» ሲባል የሚታያችሁ ዝናብ፣ ጭቃና የሐምሌ ጉም ይሆናል። ከ400 ዓመት በፊት በኔዘርላንድ ለኖረው ለሄንድሪክ አቨርካምፕ ግን ክረምት ማለት ወንዙና ቦዩ በብርድ ጠጥሮ የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚወጣበት ሜዳ የሚሆንበት ወቅት ነበር። የታሪክ ሰዎች «ትንሹ የበረዶ ዘመን» በሚሉት በዚያ ጊዜ የአውሮፓ ብርድ ከዛሬው ይበረታ ነበር።

አቨርካምፕ እ.ኤ.አ. በ1585 በአምስተርዳም ተወለደ፤ ያደገው ግን አባቱ መድኃኒት ቀማሚ ሆኖ በሠራባት በካምፐን ከተማ ነው። መናገር ስለማይችል ሰዎች «የካምፐኑ ዲዳ» ይሉት ነበር። በወጣትነቱ አምስተርዳም ሄዶ ከሠዓሊው ፒተር ኢሳክስ ዘንድ ተማረ። መምህሩ የታወቀው በሰው መልክና በታሪክ ሥዕል ሲሆን፣ ተማሪው ግን ፊቱን ወደ በረዷማው መንደር መለሰ።

መጀመሪያ ላይ ከሌሎች መዋሱ አልቀረም። በ1608 ገደማ የሣለውና ዛሬ በአምስተርዳም ራይክስ ሙዚየም የሚገኘው ሥዕሉ መንደሩን ከኮረብታ ላይ ሆኖ የሚመለከት ያስመስላል፤ አድማሱ ከፍ ያለ፣ በረዶው በሰው የተሞላ ነው። በግራ በኩል በእንጨት የተደገፈ አሮጌ በር የወፍ ወጥመድ ሆኖ ይታያል፤ እንዲህ ያለውን ወጥመድ ታላቁ ፒተር ብሩይገል በ1565 በክረምት ሥዕሉ ላይ አስቀድሞ ሥሎት ነበር።

ዓመታት ሲያልፉ ግን የአቨርካምፕ እጅ የራሱ ሆነ። አድማሱ ዝቅ አለ፣ ሰማዩ ሰፋ፣ በሩቅ ያሉት ቤቶችም በፈዘዘ ጭጋግ ውስጥ ገቡ። አዲስ ቦታ ፍለጋ አልሄደም፤ ያንኑ በረዶ ደጋግሞ እያየ ነው ወደዚህ የደረሰው።

በዚያ በረዶ ላይ ባለጠጋው ከነሐር ልብሱ፣ ዓሣ አጥማጁ ከነመንጠቆው አብረው ይገኛሉ። አንዱ ይንሸራተታል፣ ሌላው ይወድቃል። ከሰው ጋር በቃል መነጋገር ያልቻለው ሰው ማንንም ሳይንቅ ሁሉንም አይቷል።

እናቱ ግን ትሰጋለት ነበር። ሚስት ያላገባው ዲዳ ልጇ እንዳይቸገር ከውርሱ በላይ ተጨማሪ ገንዘብ እንዲሰጠው በኑዛዜዋ አዘዘች። እርሱም ከእርሷ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በ1634 ዐረፈ።

ሥዕሉን ባገኛችሁት ጊዜ ፈጥናችሁ አትለፉት። መጀመሪያ የወደቀውን ሰው ፈልጉት፤ ከዚያም ማን ወደ እርሱ እንደሚመለከት እዩ።