የሳሳ አየርና የጉተታ ጉልበት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንገዶች

አዲስ አበባን ከሚከቡት ከተሞች ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦና ነቀምት፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መውጫ መንገድ ላይ ያደጉ ሲሆኑ፣ ሦስቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ መገኘታቸው በእነዚህ መንገዶች ጭነት የጎተተን መኪና ሁሉ ጉልበት ፋብሪካው ከጻፈለት ቁጥር ዝቅ ሲያደርገው ኖሯል። ናፍጣ በሲሊንደር፣ ማለትም ፒስተን በሚመላለስበት ቀዳዳ ውስጥ፣ የሚነደው በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ብቻ ነው፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ ግን አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ ሞተሩ በእያንዳንዱ ምቱ የሚስበው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ይጎድላል። የአካባቢው የጥገና ሙያ ታሪክም በአመዛኙ ይህንን ጉድለት የማካካስ ታሪክ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ የተሞከረው መድኃኒት አየር መጨመር ሳይሆን ናፍጣ መጨመር ነበር።

በሞተር ኃይል መጎተት የተጀመረው ግን ናፍጣ ከመታወቁ በፊት ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣውና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ የጠራው የእንፋሎት መኪና ሐዲድ ሳያስፈልገው በመንገድ ላይ የሚጓዝ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቡራዩ አቅጣጫ ወደ አዲስ ዓለም የተዘረጋው መንገድም ለዋና ከተማይቱ እንጨት ይመላለስበት ስለነበር፣ ምዕራባዊው በር ከመነሻውም የከባድ ጭነት በር ነበር ማለት ይቻላል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ የመንገዱን ሥራ ከማስፋቱ በላይ ለሙያው ቋንቋ ሰጥቶት አልፏል። ናፍጣ፣ ማርሽ፣ ፍሬንና ጎማ ከጋራዥ ወጥተው የሁሉም ሰው ቃል ሲሆኑ፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ፍሪሲዮን (ሞተርን ከካምቢዮ የሚያገናኝና የሚያላቅቅ ክፍል)፣ ማርሚታ (የጭስ ድምፅ ማፈኛ) እና ፖምፓ (ናፍጣን ገፍቶ ወደ ሞተር የሚልክ ክፍል) በመካኒኩ አፍ ቀርተዋል፤ አምስት ዓመት የገዛ ወራሪ በጋራዡ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከሰማንያ ዓመት በላይ መቀመጡ ሳያስገርም አይቀርም። በዚያ ዘመን የገባው «ትሬንታ ኳትሮ»፣ በፋብሪካ ስሙ ፊያት 634፣ ከ75 እስከ 80 የፈረስ ጉልበት ብቻ የነበረው በመሆኑ፣ በእንጦጦ ሰንሰለት ዳገት ላይ ይቀረው የነበረው ከ60 ብዙም አይበልጥም። ኋላ ተሳቢ አስከትሎ አገር ያዳረሰው «ኤንትሬ»፣ ማለትም ፊያት 682 ኤን 3፣ ይህንን ድካም በትልቅ ሞተር ለማሸነፍ ችሏል። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በሰበታ አጠገብ በአለምገና የከፈተው ማሠልጠኛም የመንገድ ሥራ መሣሪያ ነጂዎችንና ጠጋኞችን በማውጣቱ፣ ከአባት ወደ ልጅና ከአለቃ ወደ ረዳት ይተላለፍ ለነበረው ሙያ የመማሪያ ክፍል አስገኝቶለታል።

የመስክ መኪና ወደ ጉተታው ሥራ ሲገባ ችግሩ መልኩን ለወጠ፤ ትንሹ ሞተር የውኃ ታንከር ወይም ጄኔሬተር የተጫነበት ተሳቢ ሲታሰርለት የጎደለው አየር ወዲያው ይታወቅበታልና። ለዚህ ዓይነተኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1990 ለላንድክሩዘር የወጣው ዋን ኤች ዜድ የተባለው ሞተር ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ይዘትና ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ቱርቦ፣ ማለትም በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የለውም፤ ስለዚህ በሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚቀረው ወደ 100 ገደማ ነው። ባለቤቱ «መኪናው ደከመ» ሲል ፖምፓውን መክፈት፣ ማለትም የናፍጣውን መጠን የሚወስነውን ቡሎን ማዞር፣ ቀላሉ ዘዴ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚያነደው አየር ያላገኘው ትርፍ ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታው ሲወጣ፣ የጭሱ ሙቀት ፒስተኑንና ቴስታታውን (የሞተሩን ክዳን) ይጎዳል፣ ወጪውም ይጨምራል። ፋብሪካው ራሱ ለከፍተኛ ቦታ በሚያወጣቸው አንዳንድ ፖምፓዎች ላይ አየሩ በሳሳ ቁጥር ናፍጣውን የሚቀንስ መሣሪያ መግጠሙ፣ መፍትሔው ከብዙ ባለቤቶች ፍላጎት ተቃራኒ እንደሆነ ያሳያል። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ያገኘበት ቱርቦ ደግሞ የጠፋውን አየር ራሱን ስለሚመልስ፣ በዚህ ከፍታ ላይ ቅንጦት ሳይሆን ዕዳ መክፈያ ነው፤ ሆኖም ዋን ኤች ዜድ ናፍጣውን የሚያነደው በቀጥታ በፒስተኑ ላይ ሳይሆን በቴስታታው ውስጥ በተቦረቦረች ትንሽ ክፍል በመሆኑ፣ ከሙቀቱ ከፊሉ በማቀዝቀዣው ውኃ ይጠፋል፤ ቱርቦ ቢጨመርለት ጉልበቱ ያድጋል እንጂ ቁጠባው በቀጥታ ከሚረጨው ሞተር አይደርስም። ከሁሉ በፊት የአየር ማጣሪያን ማጽዳት፣ የናፍጣ መርጫውን ማስለካትና የፋብሪካውን የጎማ መጠን አለመለወጥ ያተርፋሉ፤ ትልቅ ጎማ ማርሹን ያረዝመዋልና ዳገቱ ላይ ሞተሩን ያፍነዋል።

ቁጠባው የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲንር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ማቆማቸው መንግሥቱን ጭማሪውን በከፊል እንዲመልስ አስገድዶት ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ የከበደ ቀረጥ በመጣሉና ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት በመጀመሩ፣ አሮጌውን ላንድክሩዘር ማስተካከል አዲስ ከመግዛት የተሻለ ስሌት ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከልም ቀድመው የገቡት ባሉበት ቀሩ። በምትካቸው የሚገባው የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ በእንጦጦ ከፍታ ጉልበቱ አይጎድልበትም፤ ተሳቢ ሲታሰርለት ግን ባትሪው የሚያደርሰው ርቀት ያጥራል።