«ቤኔፊት ያለው ሥራ» ከየት መጣ?



አሜሪካ የሚኖር ወንድም ወይም እህት ያላችሁ «ቤኔፊት» የምትለዋን ቃል ሳትሰሟት አትቀሩም። አዲስ ሥራ አገኘሁ ብሎ የሚደውል ዘመድ ከደመወዙ አስቀድሞ የሚነግረን ሥራው ቤኔፊት እንዳለውና እንደሌለው ነው። ቤኔፊት ሲሉ ከሁሉ በላይ የሕክምና መድን፣ ማለትም የጤና ኢንሹራንስ ማለታቸው ነው። እኛም እዚህ ሆነን «መታከምንና መቀጠርን ምን አገናኛቸው?» እንላለን። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም ተገቢ ነው። እንግሊዝ ወይም ካናዳ ውስጥ ከሥራ የተባረረ ሰው ሕክምናው አብሮት አይባረርም። አሜሪካ ውስጥ ግን ሁለቱ ተጋምደዋል። እንዴት እንደተጋመዱና ሂሳቡን ማን ሲከፍል እንደኖረ ዛሬ እንጨዋወት። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስንጠቅስ እንናገራለን።

በ1929 ዳላስ ከተማ የሚገኘው የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለከተማዋ መምህራን አንድ ሐሳብ አቀረበ። በወር 50 ሳንቲም የሚያዋጣ መምህር ቢታመም እስከ 21 ቀን ተኝቶ መታከም ይችላል አላቸው። እንደ ዕድር ያለ ነገር ነው። ጤነኛው ያዋጣል፣ የታመመው ይረዳበታል። ገንዘቡ ከመምህሩ ኪስ ሲወጣ ይታያል፤ ማን ከፈለ የሚል ክርክር የለም። ዛሬ ትልልቅ የሆኑት የብሉ ክሮስ መድኖች ታሪካቸውን ከዚህ ይጀምራሉ።

ነገሩን የቀየረው ጦርነት ነው። በ1942 አሜሪካ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገብታለች፤ ወንዱ ዘምቷል፣ ፋብሪካው ቀን ከሌት ይሠራል፣ ሠራተኛ ጠፍቷል። ሠራተኛ ሲጠፋ ደመወዝ ይጨምራል፤ መንግሥት ደግሞ የኑሮ ውድነቱን ፈራ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ደመወዝ ባለበት እንዲቆም አደረጉ። አሠሪዎች ታዲያ ሠራተኛ በምን ይሳቡ? የጦርነት ጊዜው የሥራ ቦርድ መጠነኛ የሕክምና መድንና ጡረታ እንደ ደመወዝ ጭማሪ አይቆጠርም ብሎ ቀዳዳ ከፈተላቸው። በቀዳዳው ሁሉም ገባ። ደመወዝ መጨመር የተከለከለ አሠሪ በጭማሪው ፋንታ መድን ሰጠ። በ1954 የወጣው የግብር ሕግ ደግሞ ይህ መድን ግብር እንደማይከፈልበት አጸናው። በ1940 መድን የነበረው ሕዝብ ከመቶ አሥር አይሞላም ነበር፤ በ1953 ከመቶ ስድሳ በላይ ሆነ። ማንም ቁጭ ብሎ ያላቀደው ሥርዓት እንዲህ ተተከለ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያ መድን ስጦታ አልነበረም፤ በጭማሪ ፋንታ የተሰጠ ነው። ስለዚህ «አሠሪው የከፈለልኝ» የሚባለው ገንዘብ ሠራተኛው በእጁ ሊገባ ሲል ሳያየው ያለፈ ደመወዙ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ክርክር ሁሉ ስናነብ ስንት ሰው ይህን እንደዘነጋው ይገርመናል።

ሌላ መንገድ አልተሞከረም ማለት አይደለም። ፕሬዚዳንት ትሩማን በኅዳር 1945 ሁሉም እያዋጣ ሁሉም የሚታከምበት አገራዊ መድን እንዲቋቋም ኮንግረሱን ጠየቁ። የሐኪሞቹ ማኅበር ተነሣባቸው። ከእያንዳንዱ አባል 25 ዶላር ሰበሰበ፤ የማስታወቂያ ባለሙያዎች ቀጠረ፤ ዕቅዱ «የሶሻሊስት ሕክምና» ነው እያለ ሕዝቡን አስፈራራ። ዕቅዱ ወደቀ።

የመኪና ሠራተኞች ማኅበር መሪ ዋልተር ሩተር መንግሥት ያልሰጠውን ከኩባንያው እናገኛለን አለ። በ1950 ጄኔራል ሞተርስ በአምስት ዓመት ውል የሠራተኞቹን መድን ግማሽ ወጪ ሊሸፍን ተስማማ፤ እየቆየም ሙሉውን ተሸከመው። ሩተር አንድ ስሌት ነበረው፦ ሸክሙ ሲከብዳቸው ባለፋብሪካዎቹ ራሳቸው «መንግሥት ይረከበን» ብለው ከኛ ጋር ይሰለፋሉ የሚል። አልተሰለፉም። ሸክሙ ግን በእርግጥ ከበደ፤ በ2009 ጄኔራል ሞተርስ ለኪሣራ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሠራተኞቹና የጡረተኞቹ ሕክምና ወጪ ካደከሙት ነገሮች አንዱ ነበር። በመሐል በ1965 ለአረጋውያን ሜዲኬር መጣ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሕጉን የፈረሙት ትሩማን አገር ድረስ ሄደው፣ የመጀመሪያውንም ካርድ ለእሳቸው ሰጥተው ነው። ለሠራተኛው ግን ሥርዓቱ በነበረበት ቀጠለ።

ትልቁ ፍልሚያ የመጣው በኦባማ ዘመን ነው። በ2008 ምርጫ ተፎካካሪያቸው ማኬይን የሥራ መድን ከግብር ነፃ መሆኑ ይቅር ሲሉ ኦባማ «ሕክምናችሁን ሊያስገብሩ ነው» እያሉ በማስታወቂያ አብጠለጠሏቸው። በመጋቢት 2010 ራሳቸው የፈረሙት ሕግ ግን ውድ በሚባሉ መድኖች ላይ፣ ከተወሰነ ጣሪያ በሚያልፈው ወጪ የ40 በመቶ ግብር ይዞ ወጣ። ጣሪያው ለቤተሰብ 27,500 ዶላር ነበር። ሰው ግብሩን በካዲላክ መኪና ስም ጠራው፤ የሀብታም መድን ነው ለማለት።

የሠራተኛ ማኅበራቱ ተቆጡ፤ በኛ አስተያየት ቁጣቸው መሠረት ነበረው። «ይህ መድን የሀብታም ቅንጦት አይደለም፤ በየድርድሩ ጭማሪያችንን ትተን የገዛነው ነው፤ ሁለት ጊዜ አታስከፍሉን» ነበር ነገራቸው። ኢኮኖሚስቶቹ በበኩላቸው መድኑ ቢቀንስ ደመወዝ ይጨምራል ብለው መለሱ። በረጅም ጊዜ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን ደመወዙ የሚጨምርበትን ቀን በፊርማ የሚያረጋግጥ አሠሪ አልነበረም። ግብሩ ሁለት ጊዜ ተራዘመ፤ አንድም ቀን ሳይሰበሰብ በታኅሣሥ 2019 ተሰረዘ። ያው ሕግ 50 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለው ድርጅት መድን እንዲሰጥ፣ ካልሰጠ ቅጣት እንዲከፍል አዟል። የሙሉ ጊዜ ማለት በሳምንት 30 ሰዓት ነው። የአንዳንዱ ሠራተኛ ሰዓት ወደ 29 ይወርዳል የሚለው ስጋት ሌላ ክርክር አስነሣ።

በጎ ጎኑን አንካድ። ሕጉ መድን ሻጮች የቆየ በሽታ ያለበትን ሰው እንዳይመልሱ ከለከለ፤ አሠሪ የሌለውም ሰው በገቢው መጠን እየተደጎመ መድን የሚገዛበትን ገበያ ከፈተ። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ለሚነዱት ብዙ ሐበሾች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የራሱን መኪና የሚነዳ ሰው ቤኔፊት የሚሰጠው አለቃ የለውም።

ዋጋው ግን አልቆመም። ኬይዘር ፋሚሊ ፋውንዴሽን በየዓመቱ በሚያወጣው ጥናት መሠረት በሥራ በኩል የሚገኝ የአንድ ቤተሰብ መድን በ1999 በአማካይ 5,791 ዶላር ነበር። በ2024 ወደ 25,572 ደረሰ። ከዚህ ከሠራተኛው ደመወዝ በግልጽ የሚቆረጠው 6,296 ዶላር ነው። ቀሪውን 19,276 ዶላር «አሠሪው ነው የሚከፍለው» ይባላል።

አጋጣሚ ሆኖ ኦባማ ሕጋቸውን በፈረሙበት ዓመት እኛም አገር የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ፤ በኛ አቆጣጠር 2002 ዓ.ም። መዋጮው ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ ግን አፈጻጸሙ በተደጋጋሚ ተራዘመ። ደመወዝተኛው «በዚህ ኑሮ ላይ 3 በመቶ? ተቆርጦብኝስ መድኃኒቱን አገኘዋለሁ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ስለ አሠሪው 3 በመቶ ግን፣ ነገ ከማን ጭማሪ ላይ እንደሚነሣ ሲጠየቅ ብዙም አልሰማንም።