ከጃንጥላው እስከ ስልኩ

ሚያዝያ 23 ጊዮርጊስ ሲነግሥ አራዳ ደጁ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ ሳንቲሙ ለቤተ ክርስቲያን፣ ዳቦው በቅጥሩ ሥር ለተቀመጠው ነዳይ። ከእነዚያ አንዱ ደጃች ውቤ ሰፈር ያደገ ጎረቤታችን ነበር፤ የሚጥል በሽታ ነበረበት። አስፋልት ላይ ሲወድቅ ከሱቅ ክብሪት ይመጣና ተጭሮ አፍንጫው ሥር ይያዝለታል። በጎኑ የሚያስተኛው ግን አልነበረም፤ ይጋባል ተብሎ ይፈራል፣ ሐሰት ቢሆንም። እድራችን ድንኳንና ንፍሮ ለለቀስተኛ ያሰናዳል እንጂ በሕይወት ላለ በሽተኛ መድኃኒት አይገዛም ነበር።

በ1960ዎቹ አጋማሽ የእማሆይ ቴሬዛ መነኮሳት መጡ፤ ስድስት ኪሎ ያለው ቤታቸው ብዙ ወዳቂ አነሣ። በ2002 ዓ.ም. ቢኒያም በለጠ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ የሆነውን መቄዶንያን በወላጆቹ ቤት ጀመረ። በ2017 ለመቄዶንያ ሕንፃ ማጠናቀቂያ በዶንኪ ቲዩብ የዩቲዩብ ቻናል በቀጥታ ሲለመን ሕዝቡ በስልኩ ሰጠ። ኮራሁበት።

ፎቅ ግን ይታያል፤ ፌኖባርቢታል አይታይም። ርካሽ የሚጥል በሽታ ኪኒን ነው፣ በድንገት ሲቋረጥ ግን በሽታው ብሶ ይመለሳል፤ ምድጃ አጠገብ የወደቀም ይቃጠላል። የሚጥል በሽታ ላለባቸው አዋቂዎች መጠለያ ገንዘብ ስንሰበስብ ለማይቋረጥ መድኃኒት፣ ለዝቅተኛ አልጋ፣ ለተከለለ ምድጃና ሌሊት ለሚያድር ጠባቂ ደመወዝ አስቀድመን እንለምን።