ጆሮውን ለሶፍትዌር ያወረሰ ሙያ

ልደታ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ግንቦት አንድ፣ ቤተክርስቲያኗ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ሲቀጥልም ኮንዶሚኒየሙ ነው። “ኦልድ ኤርፖርት” እያልን ታክሲ ስንጠራ “ኦልድ” የተባለው የትኛው ኤርፖርት እንደሆነ የምንጠይቅ ግን ጥቂት ነን። ቦሌ ከመሰራቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የልደታው ሜዳ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም በአስመራ አድርጎ ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር ቦሌ የሚባል ኤርፖርት ገና አልታሰበም። የጄት ዘመን መጣና የልደታ ሜዳ ጠበበ፤ ነገሩ ሁሉ ወደ ቦሌ ዞረ።

የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ አውሮፕላኑ አይደለም፤ ከአብራሪዎቹ ጀርባ ስለነበረው ወንበር ነው። ያ ሲ-47 የሚባለው ዳኮታ ሲሰራ ለሬዲዮ ኦፕሬተር የራሱ ጠረጴዛና ወንበር ነበረው። ኦፕሬተር ማለት ጆሮው ላይ ማዳመጫ፣ ጣቱ ሥር የሞርስ መምቻ ያለው ሰው ነው። መብረቁ ይንጫጫል፣ ሞተሩ ያገሳል፣ ከዚያ ሁሉ መሃል አንዲት ቀጭን “ዲት… ዳህ…” ለይቶ ማውጣት ሥራው ነው። ዛሬ “ሲግናል ፕሮሰሲንግ” ብለን ኮምፒውተር የምናሠራውን ነገር ያኔ የሚሠራው የሰው ጆሮ ነበር። ጆሮውን ለማሰልጠን ደግሞ ወራት ያስፈልጋል፤ ሶፍትዌሩ የሚጫነው ጭንቅላት ላይ ነዋ!

ታዲያ በዚህች አገር ሬዲዮ በማን እጅ ነበር? መልሱ አጭር ነው፤ በመንግሥት። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ሊወር ሲያሰፈስፍ ንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታቸውን ለዓለም ያሰሙት በአቃቂው የሬዲዮ ጣቢያ በኩል ነበር። ከዚያም ጦሩ፣ አየር መንገዱ፣ ቴሌው ያዙት። ተራ ሰው ሬዲዮ ሲኖረው ለመስማት ነው እንጂ ለመናገር አይደለም።

አማተር ሬዲዮ የሚባለው ነገር ይህንን ነው የሚገለብጠው። ፈተና ያለፈና ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሰው፣ ለትርፍ ሳይሆን ለዕውቀትና ለመተጋገዝ፣ የራሱን ጣቢያ አቁሞ ከዓለም ጋር ያወራል። እያንዳንዱ አማተር መለያ ጥሪ አለው፤ የኢትዮጵያ “ኢቲ” ብሎ ይጀምራል። በደርግ ዘመን ይህ “ኢቲ” ከአየር ላይ እንደ ጠፋ ይቆጠር ነበር። ከደርግ መውደቅ በኋላ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ተነሣና “ኢቲ3ኤኤ” የተባለው የክበብ ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ የምህንድስና ተማሪዎች መማሪያ ሆነ። ኢትዮጵያ በአየር ላይ ብርቅ ስለሆነች ኢቲ3ኤኤ አንዴ ሲጠራ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ፣ ከጃፓን መልስ እንደ ጉድ ይጎርፍበታል። ተማሪው ማንን ጥሎ ማንን እንደሚያነሳ ይቸገራል፤ እኛ እዚህ የማናውቀውን ጣቢያ ውጪ ያሉት ተሰልፈው ይጠብቁታል።

እዚህ ላይ ነው ሶፍትዌሩ ወደ ታሪኩ የሚገባው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የግል ኮምፒውተር ሳውንድ ካርድ አብሮት መምጣት ጀመረ፤ ለዘፈንና ለጌም የተሰራ ዕቃ። እንግሊዛዊው አማተር ፒተር ማርቲኔዝ በ1998 “ፒኤስኬ31” የሚባል ሶፍትዌር አወጣ። ሬዲዮውን ከሳውንድ ካርዱ ጋር በሽቦ ታገናኛላችሁ፣ በኪቦርድ ትጽፋላችሁ፣ ጽሑፉ በአጭር ሞገድ ባሕር ይሻገራል። ትልቅ ማሽን አያስፈልግም፤ በትንሽ ኃይልና በአንዲት ሽቦ አንቴና ይሆናል።

ቀጣዩ ሰው ደግሞ ይገርማችኋል። ጆ ቴይለር የፊዚክስ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ከራስል ሃልስ ጋር ሆኖ ጥንድ ፐልሳር በማግኘቱ በ1993 ኖቤል ተሸለመ። ሥራው ከሰማይ ጥግ የሚመጣ እጅግ ደካማ ምልክት ከጫጫታ ውስጥ መልቀም ነበር። ሰውየው አማተርም ነውና ይህንኑ ጥበብ በ2001 “ደብሊውኤስጄቲ” ብሎ ለአማተሮች አመጣው። በ2017 ከስቲቭ ፍራንክ ጋር “ኤፍቲ8”ን ለቀቁ። ኤፍቲ8 በ15 በ15 ሰከንድ ተራ የሚያወራ ዘዴ ነው። በ2500 ኸርዝ ስፋት ሲለካ፣ ኃይሉ ከጫጫታው አንድ መቶኛ እንኳ የማይሞላ ምልክት ያነባል። ያ የዳኮታው ኦፕሬተር ማዳመጫውን ቢያጠልቅ ጥዝጠዛ እንጂ ሌላ የሚሰማው ነገር አልነበረም።

ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ብዙ! የዛሬውን ልደታ አስቡት። ግቢ የለም፣ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አንቴና የምታቆሙበት ሜዳ ቀርቶ ልብስ የምታሰጡበት በረንዳ ጠባብ ነው። ዙሪያውን ቻርጀሩ፣ አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ የሬዲዮ ጫጫታ ይረጫል። እንዲህ ባለ ቦታ የድሮው ዓይነት ሬዲዮ ተስፋ ያስቆርጣል። በረንዳ ላይ የተዘረጋች ሽቦና ያገለገለ ላፕቶፕ ግን በኤፍቲ8 ሌላ አህጉር ሊያደርሱ ይችላሉ። ሶፍትዌሩም ነጻ ነው፤ ኮዱ ጭምር ክፍት።

አንድ ነገር ግን ሰዓት ነው። ኤፍቲ8 የኮምፒውተራችሁ ሰዓት ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ ከተዛባ አይሰራም። መዝገብ የሚይዙት ሶፍትዌሮች ደግሞ የሚያውቁት የዓለም አቀፉን ሰዓት ብቻ ነው። የኛ ሰው መጀመሪያ የሐበሻውን ወደ ፈረንጁ ይቀይራል፣ ከዚያ ሦስት ይቀንሳል፣ ግራ ይጋባል። አቋራጭ ልንገራችሁ፤ በቀን ከሆነ በሐበሻው ላይ ሦስት ጨምሩ፣ አለቀ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ማለት በዓለም አቀፉ አሥራ ሁለት ነው። ቀኑ የሚለወጠው ደግሞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ እሱን የረሳ መዝገቡን በሙሉ ያበላሻል።

ሌላም አለ። ሶፍትዌሩ ዓለምን በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ስም ሰጥቶታል። ዘጠነኛው የኬክሮስ መስመር አዲስ አበባን ለሁለት ይቆርጣታል። ልደታና አምስት ኪሎ “ኬጄ99” ውስጥ ሲገቡ የቦሌ ኤርፖርት “ኬጄ98” ውስጥ ይወድቃል። አሮጌው ኤርፖርትና አዲሱ በአማተሮች ካርታ ላይ ጎረቤት አገር መሰሉ ማለት ነው!

ነገሩ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሰኔ 2012 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት ያየነውን ታስታውሳላችሁ፤ ዘመድ ከዘመድ ተቆራረጠ። አጭር ሞገድ ማማም ኬብልም አይፈልግም። ጎርፍ ወይም መሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣም በሌላው ዓለም መጀመሪያ የሚሰሙት ብዙ ጊዜ አማተሮች ናቸው። ይህ የሚሆነው ግን የሰለጠኑ ሰዎች አስቀድመው ካሉ ነው። ለማሰራጨት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሞገድ ነገር ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እጅ ነው። ዕቃው ረክሷል፣ ሶፍትዌሩ ነጻ ሆኗል። የቀረው ተማሪው ከግቢ ሲወጣም በሙያው እንዲቀጥል በሩን መክፈት ነው። አንድ የክበብ ጣቢያ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ መቼም አይበቃም።

የመጨረሻው ወሬዬ ስለ ፊደል ነው። ኤፍቲ8 ነጻ ጽሑፍ ስትልኩበት የሚያውቀው 42 ምልክት ብቻ ነው፦ የላቲን ፊደላት፣ አኃዞች፣ ባዶ ቦታና አምስት ሌሎች ምልክቶች። በአንድ ጊዜ የሚያልፈው 13 ፊደል ነው፤ ለዚህም 71 ቢት መድቦለታል። ፊደላችን 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው፤ አኃዝ ጨምረንበት እንኳ በ8 ቢት ይያዛል። 71ን ለ8 ብናካፍል ስምንት ፊደል ይወጣናል። “ሲያንስ!” ትሉ ይሆናል። እስቲ ቁጠሩት፤ “ሰላም ከልደታ” ከነባዶ ቦታው ስምንት ነው፤ ልክክ! ይህንኑ በላቲን ብትጽፉት አሥራ አራት ይሆንና አንዷ ፊደል ደጅ ትቀራለች።

ይሄን የሚሠራ ሶፍትዌር የተወሳሰበ አይደለም። የፊደል ሰንጠረዡን ማዘጋጀት፣ በግልጽ ማሳተም (የአማተር ሕግ ምስጢራዊ ኮድ አይፈቅድም)፣ ከዚያ ክፍት በሆነው ኮድ ላይ መጨመርና በሁለቱም ጫፍ መጫን ነው። ፊደሉን ከማሽን ጋር ማስማማት ለእኛ አዲስ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ ለጽሕፈት መኪና፣ ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ለቴሌፕሪንተር አድርገውታል፤ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ፊደሉ ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ሬዲዮው ቀርቷል። እነሱ የሠሩት ዕቃው ውድ፣ ኮምፒውተሩም ብርቅ በነበረበት ወይም ጨርሶ ባልነበረበት ጊዜ ነው።

እና አምስት ኪሎ ያላችሁ፣ ኮድ የምትጽፉ፣ ቅዳሜና እሁድ ምን እንደምትሠሩ የጨነቃችሁ… ስምንት ፊደል እየጠበቀቻችሁ ነው። ቸር እንሰንብት!